የሙሽራው እህት ሙያ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርክአዲስ፣

የመስቀሉ ጌታ መርፌ ስትይዢ እጅሽን፣ መንገድ ስትሻገሪ እግርሽን ይጠብቅልኝ። እኔ ጆሮዬ ብሶበት እንጂ ሌላው አካላቴ፣ ይመስገነው፣ ደህና ነው። እናትሽም ደህና ናት። ዛሬም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላዬን ዘርግቼ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ስልክ ያልደወልሁልሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስደውል እጮሃለሁ፤ ስጮህ ደግሞ የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ ችሎት የገባ ይመስል ጉዳያችንን ይሰማል። ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ነጋዴው ያህያ መርካቶ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ያደርስልሻል፤ መልሱንም ለሱ ስጪው።

ጉዳዩ፦ የወንድምሽን የይታገሱን ጋብቻ ይመለከታል።

አባትሽ፣ ያጎቴ ልጅ፣ ነፍሱን ይማረውና ቢኖር እሱ በሄደ ነበር። እሱ ስለሌለ እኔ ሽማግሎቹን መርቼ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። ልጅቱ ህይወት ትባላለች፤ አባቷ መሪጌታ ምስክር የቅኔ መምህር ናቸው። ነገራቸው ሁሉ በቀስታ ነው፤ አንዱን ሲናገሩ ሌላውን በሆዳቸው ይዘው ነው። ብቻ ዘር ቆጠርን፣ ተጠያየቅን፣ በመጨረሻም "ይሁን" አሉን። ሰርጉ ጥር 17 ቀን፣ እሑድ ነው። እልል በይ!

እንግዲህ መንገዱ ዘንድሮ እንደምትሰሚው ነውና ሰርግ ብለሽ እንዳትንገላቺ። ምርቃትሽ ከመጣልን አንቺ እንደመጣሽ እንቆጥረዋለን። ደግሞ አንዲት የእመቤታችንን ሥዕል በእጅሽ ሥለሽ ላኪልኝ። ትንሽ ብትሆንም ግድ የለም፤ በሸራ ቢሆን ደግ ነው። የሱቅሽ ስም ግን እንዳይኖርበት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ልጅ ሽማግሌን ለምን አይልም።

ያባትሽ ያጎት ልጅ፣ ዳኘው


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳኘው፣

ጃንጥላዎን ነፋስ አይውሰድብዎት፣ ባለጉዳይ አይጥፋብዎት። ኧረ ይቅር ይበለኝ፣ ባለጉዳይ አይጥፋ ማለት እኮ ሰው ሲካሰስ ይኑር ማለት ነው! እንዲያው ጤናውን ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብ እዚያው ሱቁ ውስጥ እልል አልኩ። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛዬ ክው አለ፤ ደግነቱ መርፌው እጄ ላይ አልነበረም። ይታገሱ! ያ አፍንጫውን በቀሚሴ ይጠርግ የነበረ ልጅ ሚስት ሊያገባ! ቀሚስ ወዲያው ነው የገዛሁት። አትምጪ የሚሉኝ ነገር ግን አልገባኝም። ያህያ በየጊዜው ከነሸቀጡ ይመላለስ የለም እንዴ? ሸቀጥ የሚያልፍበት መንገድ እኔን ምን ያደርገኛል? እመጣለሁ፣ አይስጉ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት። መጀመሪያ ሴቶች የሚሠሩበት ሳሎን ውስጥ ሂና እቀባ ነበር። ገርጂ አካባቢ ቂርቆስ የሚባል ነቃሽ አለ፤ ሲሠራ ትንፋሹ እንኳን አይሰማም። አስተምረኝ ስለው መጥረጊያ ሰጠኝ። ወለል ጠረግኩ፣ ዕቃ አጸዳሁ፣ ጓንት አቀበልኩ፤ ማሽኑን ግን በዓይኔ ብቻ ነበር የማየው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሙዝ ልጣጭ አስጀመረኝ፤ ቀጥሎ ለልምምድ በሚሸጥ ሰው ሠራሽ ቆዳ። ከዚያ የራሴን ጭን ያዝኩ። ጭኔ አሁን ማስታወቂያ የተለጠፈበት የቀበሌ አጥር ሆኗል፤ ያላበላሸሁበት ቦታ የለም።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ የታክሲ ረዳት ነበር። ክንዱ ላይ መስቀል ነው የፈለገው። እኔ ትንፋሼን ውጬ ስሠራ እሱ ሆዬ እንቅልፉን ይለጥጣል! ሲነቃ ክንዱን አይቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ከዚያ ተሳለመው። ያን ቀን በደስታ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ቤቴ ድረስ በእግሬ ገባሁ።

አሁን እዚያው ቂርቆስ ሱቅ የራሴ ወንበር አለኝ። የፍቅረኛዬን ስም ንቀሺኝ ለሚለኝ "ሳምንት አስብበትና ና" እለዋለሁ፤ ግማሹ አይመለስም። ቂርቆስ "ደንበኛ ታባርሪያለሽ" ይለኛል። ለኔ ብለው የሚመጡት ግን የእናቶቻችንን የአንገት ንቅሳት የሚፈልጉ የከተማ ልጆች ናቸው። የእናቴን አንገት እያየሁ ስላደግኩ መስመሩን በእንቅልፌም አልስተውም። በጥቅምት መጨረሻ ሀኒ የምትባል የቋሪት ልጅ መጥታ የእናቷን የአንገት ንቅሳት ከፎቶ አውጥቼ ክንዷ ላይ ሠራሁላት። ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ጠያቂ አይቼ አላውቅም! አባትሽ ማን ነው፣ የአባትሽ እናት ከየት ናት፣ ወንድም አለሽ ወይ፣ ጠባዩስ? መርፌው ሲያማት ትጠይቃለች፣ ሲያርፍላት ትጠይቃለች። አገሯ ናፍቋት ነው ብዬ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። ስትወጣ አቅፋ ሳመችኝ።

የእመቤታችንን ሥዕል ግን ከየት አምጥቼ? እኔ ሸራ ላይ ሥዬ አላውቅም። ቅዱስ ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው፤ የሚሥሉትም ጾመው ጸልየው ነው። ይንገሩኝ እስቲ፣ ማን ነው የፈለገው?

ልጅዎ ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርክአዲስ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያስፋልኝ፤ ዛሬ ሰፊ ልብ ያስፈልግሻል። ደብዳቤሽን በትራሴ ስር አድርጌ ስገላበጥ ነው የከረምሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን ልምጣ ካልሽ መናገሬ ነው።

የመሪጌታ ምስክር ቤት ተሰብስበን ዘር ስንቆጥር ነገሩ ሁሉ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ከዚያ መሪጌታ "እህቲቱስ ምን ትሠራለች?" አሉ። ጠላው አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥሁና "አዲስ አበባ ሥዕል ትሥላለች" አልሁ። ይሄ ውሸት ነው? ቆዳስ እንደ ሸራ አይደለም እንዴ? መሪጌታ ግን ፊታቸው በራ። "እሰይ! የቤተ ክርስቲያን ሥዕል?" አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ቃል አይደለም፤ ፍርድ ቤት ቢቀርብ አይያዝም። እሳቸው ግን ያዙት። ለደብራቸው አንድ የእመቤታችን ሥዕል እንድትሥይ ለመኑኝ። ቀጥሎ ስሄድ "ሥዕሏስ?" አሉኝ። ሰሞኑን ደግሞ ሰው ልከው "ሥዕሏስ እንዴት ሆነች?" አሉኝ። ምን ልበል? ቀለሙ አልደረቀም አልኋቸው።

አትቆጪ። አንቺ ከተማ ነሽ፤ እዚያ ነቃሽ ሲባል ሙያ ነው። እዚህ የሁሉም እናት አንገት ተነቅሷል፤ የነቀሰችው ሴት ግን እጇ ይከብዳል፣ ዓይኗ ሰው ይበላል ተብላ እህሏን ከደጅ ተቀብላ ነው የምትሄድ። ሸክላ ሠሪውም ብረት ቀጥቃጩም እንዲያው ነው። ክፉ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከነዚህ ቤት ልጁን የሚድር ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። "የሙሽራው እህት ነቃሽ ናት" ከተባለ "ዘራቸው ምንድን ነው?" ይመጣል፤ ይሄ ከመጣ ህይወት የለች፣ ሰርግ የለ። ይታገሱ ደግሞ ልጅቱን እንዴት እንደሚወዳት ብታዪ! ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሰው ጤፍ ከሰው ስንዴ ያደባልቃል።

እባክሽ፣ ወይ ሠዓሊ ሆነሽ ነይ፣ ወይ ቅሪልኝ። ይታገሱ ይሄን ሁሉ አያውቅም።

ዳኘው


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ዳኘው፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ምርቃቱ ያጠረው አንጀቴ ስላረረ ነው።

ቀለሙ አልደረቀም! እውነት ይሄን ብለዋቸዋል? ለቂርቆስ ሳነብለት ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ልቅሶ ሆኖ አረፈው።

ሥራዬ አሳፍሮኝ አያውቅም፣ ጋሼ። አንዱን የነካ መርፌ ሌላውን አይነካም። የሰከረ አልነቅስም፣ ልጅ አልነቅስም። ሰው ልብሱን አውልቆ ጀርባውን ሲሰጠኝ አምኖኝ ነው፤ እኔ ከተሳሳትኩ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል። ይሄን እምነት ለማግኘት ነው ያን ሁሉ ወለል የጠረግኩት። አንቱ ግን ሌላ ሴት ፈጥረው በኔ ቦታ አስቀመጡ።

የእናቴን አንገት የነቀሰቻት ሴት ስሟ ማን ነው? እናቴን ጠይቄያት አታውቀውም። እስከ መቃብር የማይለቅ ጌጥ የሠራችላት ሴት፣ ስሟን እንኳ የጠየቃት የለም። እህሏን ከደጅ ተቀብላ ሄደች። አሁን እኔም ከደጅ ልመለስ ነው፤ ያውም ከወንድሜ ሰርግ ደጅ!

ሠዓሊ ሆኜ አልመጣም። ሥዕሉንም አልልክም፤ በእመቤታችን ስም አልዋሽም። የኔ መምጣት የይታገሱን ትዳር የሚያፈርስ ከሆነ እቀራለሁ። ለሱ ስል ይሄንንም እችለዋለሁ። ግን "እህቴ ለምን ቀረች?" ሲልዎት መንገድ ተዘግቶባት ነው እንዳይሉት። እውነቱን አንቱ ራስዎ ይንገሩት፤ እኔ በወንድሜ ዓይን ሳልፈልግ የቀረሁ ሴት ሆኜ አልኖርም።

ቀሚሱን አልመለስኩትም። ሳየው ያመኛል፤ ግን አልመለስኩትም።

ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርክአዲስ፣

ተመስገን! ተመስገን! ሌላ መክፈቻ ዛሬ አልመጣልኝም። እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፣ ያባትሽ አምላክ ከፊት ከፊትሽ ይሂድ። መልሴ የዘገየው ያህያ ቡሬ ላይ ጉዳይ ይዞት ስለቆየ ነው እንጂ እኔ ክንፍ ቢኖረኝ በርሬ በመጣሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። "ከደጅ ልመለስ ነው" ያልሽው ነው የበላኝ። የአንዱን ባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ በአመልካች ቦታ ያንቺን ስም ጽፌ ሰውየው ሊመታኝ ነበር። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ልቀጥል እንዳልል አንቺ አለሽ፤ ልናገር እንዳልል ይታገሱ አለ። በመጨረሻ ዱላዬን አነሳሁና ገበዝ ማርያም ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ንግግሬን እንደ ማመልከቻ ሳሰናዳ ሄድሁ፤ መግቢያ፣ ፍሬ ነገር፣ የሚጠየቀው ዳኝነት።

መሪጌታን ያገኘኋቸው የመስኖ ድንቻቸውን ሲኮተኩቱ ነው። ሰላምታው ሲያልቅ መግቢያዬ ድራሹ ጠፋ። "መሪጌታ፣ የይታገሱ እህት ሠዓሊ አይደለችም። ነቃሽ ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷም ልጁም የሉበትም" አልሁ።

መኮትኮታቸውን አላቆሙም። "መቼ ይነግሩኝ ይሆን እያልሁ ነበር" አሉኝ።

ለካ ያቺ ጠያቂዋ ደንበኛሽ፣ ሀኒ ያልሽኝ፣ አዲስ አበባ ያለችው የበኩር ልጃቸው ናት! እኛ ሽማግሌ ሆነን ስንሄድ እሳቸው ደግሞ በጎን አጣሪ ልከዋል። ወጉ ነው፤ ልጁን የሚድር ሰው የሌላውን ቤት ሳያስጠይቅ አይሰጥም። እኔ ጃጅቼ ይሄን ረሳሁት! ሀኒ ስምሽን ከዘራችን አቆጣጠር ይዛ፣ ሱቅሽን በአገር ልጆች አጠያይቃ አግኝታ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀምጣ ያን ሁሉ ጠይቃሻለች። ለአባቷም "ዘሯን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችልኝ፣ ስለ ሥራዋ ስትናገር ያፈረችበት ነገር የለም" አለቻቸው።

"ከዚያ ክንዷን አሳየችኝ" አሉ መሪጌታ። ያኔ ነው ዶማውን ያቆሙት። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። "ገላችሁን አትንቀሱ የሚለውን ሕግ አልረሳሁም፤ ሳታስፈቅደኝ ስላደረገችው ተቆጥቻታለሁ። ግን አቶ ዳኘው፣ የእናቷን አንገት ዳግመኛ አያለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔም ጠረግሁ።

"ታዲያ ሥዕሏስ እያሉ ለምን አንገበገቡኝ?" አልኋቸው።

"መጀመሪያ የጠየቅሁዎት አምኜ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን በር እየከፈትሁልዎት ነበር፤ አሁን ይነግረኛል እያልሁ። አንቱ ግን ቀለሙ አልደረቀም ይሉኛል!" እዚህ ላይ ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው መልሰው ኮስተር አሉ። ያሉትን አንድም ሳላጎድል ልጻፍልሽ፤ "እንቅልፍ የነሳኝ መርፌዋ አይደለም። የገዛ እህታቸውን ከሰርግ የሚደብቁ ሰዎች የኔን ልጅ ከወሰዱ በኋላ ምኗን ይደብቁባት ይሆን ብዬ ነው። እስከ ልደት ካልነገሩኝ ህይወትን ላስቀር ቆርጬ ነበር።"

ድንቹ መደብ ላይ ዝርግት ብዬ ተቀመጥሁ። ሰርጉን ላድን ብዬ ሰርጉን ላፈርስ ኖሯል! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ለስንት ሰው ጽፌያለሁ መሰለሽ፣ ለራሴ ግን አንድ ቀን አላነበብሁትም። እጄን ይዘው አነሱኝና ቤት አስገብተው ሽሮ አቀረቡልኝ። ከስንት ቀን በኋላ እህል በጉሮሮዬ ወረደ፤ ሦስተኛ እንጀራ ስይዝ ህይወት ፊቷን አዙራ ትስቅብኛለች።

ፍርዳቸውን ስሚ። እህቲቱ ያልተገኘችበት ሰርግ የለም ብለዋል። ዳስ ውስጥ ከሙሽራው ቤተሰብ ጋር ትቀመጪያለሽ፤ ማን እንደሆንሽና ምን እንደምትሠሪ ደግሞ እኔ ራሴ ቆሜ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ለይታገሱም ነገርሁት። መጀመሪያ ወፍጮውን አጥፍቶ ወጥቶብኝ ሄደ። ቆይቶ ተመለሰና "እሷ ካልመጣች እኔም አልሞሸርም ብዬ ነበር ልነግርዎት" አለኝ።

ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ነይ።

ዳኘው


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ዳኘው፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎት። አፍዎን እውነት ያስለምድልኝ፤ ካላስለመደውም መሪጌታ ምስክርን የመሰለ አማች ሰጥቶናል፣ እሳቸው ይበቁናል።

ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። "ነይ" የሚለው ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ። ደንበኛዬ "ምነው፣ ሰው ሞተ?" አለኝ። "ኧረ ሰርግ ነው!" አልኩት፤ እያለቀስኩ። መርፌውን አስቀምጬ ሌላ ቀን እንዲመጣ ለመንኩት። ቂርቆስ ዕቃዬን ሁሉ ሰብስቦ "ሂጂ ወደ ወንድምሽ" ብሎ ከሱቅ አስወጣኝ። ይሄን ያህል ጊዜ ደረቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ እንደነበር ያወቅኩት ዛሬ ሲወርድልኝ ነው።

ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። ግን ዳሱ ውስጥ ሲቆሙ እባክዎ አያሳምሩት። መግቢያ አይፈልግም፣ ፍሬ ነገር አይፈልግም። "ሠርክአዲስ ናት፣ ነቃሽ ናት" ይበሉና ይቀመጡ። ሀኒን ደግሞ ሳገኛት ጉድ ይፈላባታል፤ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጠረችኝን አሁን በተራዋ እሷ ትቆጥራታለች።

ለእናቴ ደወልኩላት። እሷ ይሄን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትለኝ "ሌላ ሥራ አላገኘሽም?" ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለአንቱም ከብዶኝ ነበር። ዛሬ የሆነውን ሁሉ፣ መሪጌታ ያሉትንም፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማ?" አልኩ።

"አለሁ" አለችኝ። "መቼ ትደርሻለሽ?"

"አርብ ማታ።"

"እንግዲያው አርብ አልተኛም" አለችኝና ዘጋችው። ስለ ሥራዬ ምንም አልጠየቀችኝም።

ልጅዎ ሠርክአዲስ